ቡችላ ልወስድ ሄጄ

ይድረስ ለልጄ፣

ባልሽና ልጆቹስ እንደምን ከረሙ? እኔ ደህና ነኝ፤ ምን እሆናለሁ ብለሽ! «ብቻህን አትቀመጥ፣ ውሻ አሳድግ» እያልሽ ስትነዘንዢኝ ከርመሽ የለ? ይኸው ተሳካልሽ።

ባለቤት ያጡ ውሾች ከሚሰጡበት ግቢ ሄድኩና «የጀርመን ሸፐርድ ቡችላ ስጡኝ» አልኩ።

«አባባ፣ ስንተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት?» አለችኝ ሠራተኛዋ።

«አራተኛ።»

«ሊፍት አለው?»

«እግር አለኝ!»

«ይሄ ዝርያ በየቀኑ ካልሮጠ ሶፋዎን ይቦጫጭቀዋል። ቡችላ ከወሰዱ ደግሞ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ዓመት አብሮዎት ነው።»

እዚህ ላይ የራሴን ዕድሜ ደመርኩበትና «ሌላስ የለም?» አልኩ። እሷም አሥር ዓመት የሞላው፣ እግረ አጭር ውሻ አመጣች።

«ይሄማ ጡረተኛ ነው!»

«እርስዎስ?» ብላ ሳቀችብኝ። ደፋር ናት። ወሰድኩት።

ጨዋ ውሻ ነው፤ ከሰው ቀድሞ አይበላም። ደረጃ ብቻ ይከብደዋል። ለእሱ ስል በየፎቁ እንቀመጣለን። ባለፈው ማክሰኞ ሦስተኛው ፎቅ ላይ በጣም ደክሞት ግማሽ ሰዓት ቆየን። ጎረቤቴ ደንግጣ ውሃ አመጣች። ውሻው እምቢ ሲል ጊዜ እኔው ጠጣሁት። ስልክ ልትደውልልሽ ነበር፤ ተቆጥቼ አስተውኳት።

የመረከቢያው ቅጽ ላይ «እርስዎ ካልቻሉ ማን ይወስደዋል?» የሚል አለ። ለወጉ ያህል ነው። ያንቺን ስም በራሴ እጅ ጻፍኩ፤ ፊደሉ ተንጋዷል እንጂ ይነበባል።

ልጆቹን ሳሚልኝ። ውሻው ሕፃን እንደማይናከስ ሁለቴ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ግቢሽ አጥር እንዳለው ብቻ ቶሎ ጻፊልኝ።

አባትሽ