ለማሞቂያ ብዬ ፖለቲካ ገባሁ

ማርች 4
ዛሬም ተረታሁ። የደንበኛዬ የወይዘሮ ኦቲሊ ጉዳይ። ጡረተኛ ናት፣ አከራይዋ ማሞቂያ አላበራ ብሏት ካፖርቷን ለብሳ ነው የምትተኛው። ዳኛ ፔልኪ አዘኑ እንጂ አልፈረዱልንም።
«ወይዘሮ ፕሩሳክ፣ አከራዩን የሚያስገድድ ሕግ የለም። እኔ ደግሞ ሕግ አላወጣም። ቅር ካለዎት የሚያወጡት ዘንድ ይሂዱ።»
ደሜ ፈላ። መኪና ውስጥ ግን... ለምን አልሄድም?

ማርች 5
ባሌ ቨርን እንቁላል ሲጠብስ ነገርኩት። «ለከተማው ምክር ቤት ልወዳደር ነው።» መጥበሻውን እንደያዘ ዞረ።
«አንቺ? የሰው በር አንኳኩተሽ ፈገግ ልትይ?»
«ፈገግታ ግዴታ ነው እንዴ?»
ባሌ በሳቅ ሲንፈራፈር እንቁላሉ አረረ። ያረረውን በላን።

ጁላይ 12
በር ሳንኳኳ ውዬ እግሬ አብጧል። ግን ደስ ሲል! አንድ ሽማግሌ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «ምን ልትሸጪ ነው?» አለኝ።
«ራሴን።»
«ስንት ነሽ?»
«አንድ ድምፅ።»
ከት ብሎ ሳቀና አስገባኝ።

ኖቬምበር 6
አሸነፍኩ!! እኔ! የምክር ቤት አባል!

ፌብሩዋሪ 18
ማሞቂያ የሚያስገድደው ደንብ አለፈ። ሃስኬል የሚባለው የምክር ቤት አባል ነው ያስቸገረን። ራሱ ስንት ቤት ያከራያል... «ኢርማ፣ እመቤቴ፣ እዚህ ፍርድ ቤት አይደለም» አለኝ በሰው ፊት።
«ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት!»
አዳራሹ አጨበጨበ።

ኦክቶበር 9
አከራዮቹ ከሰሱ፣ ደንባችን ተሻረ። ይህን መወሰን የሚችለው ግዛቱ ነው፣ ከተማው አይደለም ተባለ። አለቀስኩ። ሃስኬል ኮሪደር ላይ ጠብቆ፣ «አሁንስ ወዴት ልትሄጂ ነው?» አለ።
«ሃሪስበርግ።»
ከአፌ አመለጠኝ። የግዛቱ ዋና ከተማ፣ የግዛቱ ምክር ቤት! ምርጫው የዛሬ ዓመት ነው... አብጃለሁ?

ጃንዋሪ 20
ሃስኬልም ለዚያው ወንበር ተመዘገበ። ይምጣ!

ኖቬምበር 8
እኩል ወጣን። እኔና ሃስኬል፣ በድምፅ እኩል! ደግመው ቆጠሩ፣ ያው። በዕጣ ይለያል አሉ። ቨርን «ትቀልዳላችሁ?» ብሎ ጮኸባቸው። አይቀልዱም። ሕጉ ነው።

ኖቬምበር 21
አንድ የቆዳ ከረጢት። ውስጡ ነጭና ቀይ ኳስ። ቀይ የደረሰው ያሸንፋል።
ሃስኬል ቀደመ። ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። እጁን ከተተ... ቆየ... አወጣ።
ነጭ።
የቨርን ጩኸት! አስመራጩ ግን ኮስተር ብለው፣ «እርስዎም ማውጣት አለብዎት» አሉኝ። ምን እንደቀረ እያወቅሁ ልቤ ልትወጣ ደረሰች። ቀይ! ሃስኬል እጁን ዘረጋልኝ።
«ሕዝቡ እኩል አደረገን። ከረጢቱ ግን አንቺን ወደደ።»
«ቅር ካለህ ከረጢቱን ክሰሰው!»
ሳቅን፣ ሁለታችንም። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ኦክቶበር 28
ሃሪስበርግ። አንድ ዓመት ሙሉ ስለምን፣ ስከራከር፣ ስለማመጥ የከረምኩበት የማሞቂያ ሕግ ዛሬ ለድምፅ ቀረበ። ስም እየተጠራ ነው። አጠገቤ የሚቀመጡት አዛውንት እግሬን ሳወዛውዝ ተመልክተው፣ «ወንበሩን ልታፈርሺው ነው፣ ልጄ» ይሉኛል።
«ፕሩሳክ!»
«እደግፋለሁ!»
ጮህኩ። ስንት ዘመን ጥብቅና ስቆም እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። አፈ ጉባኤው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ተሰምቷል፣ ክብርት» አሉ።
አለፈ። ለከተማችን ብቻ አይደለም፣ ለግዛቱ በሙሉ!
ከአዳራሹ ወጥቼ የውጭው ደረጃ ላይ ስደርስ የዓመቱ የመጀመሪያ ውርጭ ወርዷል። ኮቴን እንኳ አልቆለፍኩም።
ይውረድ!