ኳስ ያልነካው ኳስ ተጫዋች

የኔ ሆድ፣ የሊያ አባት፣

በፋሲካ ማግስት ጥለኸን ሄድክ፤ ይኸው ጾመ ነቢያት ገባ። እናትህ አሁንም ያንተን ድርሻ ጨምረው እየጾሙ ነው። አንተ ኪሎህ ቀንሶ አሰልጣኙ እንዳይቆጣህ ሥጋህን ስትበላ፣ እሳቸው በአንተ ፈንታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ይውሉልህ ነበር። የነፍስ አባታቸው እንዲህ ያለ ጾም የለም ቢሏቸው አልሰሙም። ዛሬም አልሰሙም።

እኛ ዙሪክ፣ ኦርሊኮን ሰፈር እዚያው ቤት ነን። ሰፊውን ወንበርህን ግን አወጣሁት፤ የሁለት ሰው ቦታ ለብቻህ ስትሞላው ማየት ለምጄ፣ ባዶውን መቻል አቃተኝ።

ሰው ባልሽ ምን ነበር ሲለኝ ኳስ ተጫዋች እላለሁ። ስንት ጎል አገባ ይሉኛል! የአሜሪካ ፉትቦል ነው፣ ኳሷ እንቁላል ትመስላለች፣ እሱ ኳስ ወርዋሪውን እንዳይመታ ከሚከላከሉለት ከአምስቱ አንዱ ነበር ብዬ ማስረዳት ይሰለቸኛል። ኳስ ሳትነካ በኳስ እንጀራ የምትበላ አንተ ብቻ ነህ እያልኩ ስተርብህ እንዴት ትስቅ ነበር።

ከሰፈርህ ከፓኪ ተነስተህ እዚያው ጄኔቭ በነፃ፣ ዙሪክ በትራንስፖርት ብር፣ በመጨረሻ ጀርመን ሄደህ በደመወዝ ተጫወትክ። መጀመሪያ ላይህ የመጣሁ ጊዜ ኳሷን ስከተል አንተን ሳላይህ ጨዋታው አለቀ። በባቡር ስንመለስ፣ እኔን ማየት ከፈለግሽ ኳሷን ተያት አልከኝ። ከዚያ ወዲህ አንተን ብቻ አየሁ፤ ምነው ባላየሁ። ኳሷ በተነሳች ቁጥር ፊት ለፊትህ ካለው ሰው ጋር እንደሚዋጉ በሬዎች ስትጋጠም ድምፁ እኛ ጋ ይሰማል። ተነስተህ አውራ ጣትህን ታሳየኛለህ፤ እኔም ደህና ነው እላለሁ።

ጨዋታ አቁመህ እዚሁ አጠገባችን ኦፕፊኮን፣ ሆቴል ውስጥ ሥራ ከገባህ በኋላ ነው የተለወጥከው። ቁልፍ መርሳት፣ ባቡር መሳሳት ጀመርክ። ድምፅ ጠላህ። ሊያ ስትጫወት ሳቋ ከፍ ካለ በሩን በቡጢ ትመታለህ፤ ወዲያው ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠህ ታለቅሳለህ። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስልህ እምቢ አልክ። ልጅህ በራሷ ቤት በእግር ጣቷ መሄድ ተማረች። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ጊዜ ጠልቼህ አውቃለሁ።

ሥራ ቦታ ልብህ ድንገት ቆሞ ስትሞትብን፣ እንዴት እንደተለወጥክ ስነግራቸው ሐኪሞቹ አንጎልህን አውጥተን እንመርምረው ወይ ብለው ጠየቁን። እናትህ ከጄኔቭ በመጀመሪያው ባቡር ደረሱ። እግዚአብሔር ሙሉ አድርጎ የሰጠኝን ሙሉ አድርጌ ነው ለአፈር የምመልሰው አሉ። የነፍስ አባታቸው ኃጢአት አይደለም ቢሏቸውም ፍንክች አላሉም። እኔ ግን ማወቅ ነበረብኝ። በሩን ይመታ የነበረው አንተ ነህ ወይስ በሽታ? ይህን ሳላውቅ ለሊያ ስለ አባቷ ምን ብዬ እነግራታለሁ? ለመንኳቸው፣ አለቀስኩ፣ በመጨረሻ ተቆጣኋቸው። ያን ጊዜ፣ ባለፈው ገና ደውለህ አባቴ ከሥራ ገባ ወይ ብለህ እንደጠየቅካቸው ነገሩኝ። አባትህ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው! ልጃቸውን አበደ እንዳይሉባቸው ለማንም ሳይተነፍሱ በሆዳቸው ይዘውት ኖረዋል። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ እንግዲያው ልጄን ምን እንዳገኘው ይንገሩኝ አሉ።

ባለፈው ሳምንት አንጎልህን የመረመረችው ሐኪም ደውላ ነገረችኝ። በሽታ ነው። ከዚያ ሁሉ ዓመት ግጭት የመጣ፣ አንጎልህን ቀስ በቀስ የበላ በሽታ። ትራም ውስጥ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። አዝኜም ነው፣ እፎይ ብዬም ነው።

ቤት ገብቼ ለሊያ፣ አባትሽ ጠልቶሽ አይደለም፣ ጭንቅላቱን ያመው ነበር አልኳት።  በዚያ ጀርመንኛ በተቀላቀለበት አማርኛዋ፣ ዋሩም፣ ለምን አልነገራችሁኝም፣ ባውቅ እኮ ቀስ ብዬ እጫወት ነበር አለችኝ።

የኔ ጌታ፣ ይህን እንድታውቅልኝ ነው የምጽፍልህ። በሩን የመታውን ከእንግዲህ በስምህ አልጠራውም። ሊያ አባቷን የምትሰማው ከኔ ነው፤ እኔም በሕይወት እስካለሁ ድረስ የምነግራት አንተን ነው። ቤታችን ውስጥ ደግሞ እንደ ልቧ ትሳቅ ብያታለሁ። አሁን አያምህም።