ዋሻው ውስጥ የተኙት

ሰኞ፣ ጥር 6

ማርታ የጧፍ ቁራጭ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ጃኬቷን እንኳ አላወለቀችም።

«ሞርሞር፣ ይኼ ምንድን ነው?»

ጧፍ ነው አልኳት።

«እሱንማ አውቃለሁ። ጫካው ውስጥ ካለው ዋሻ ነው ያነሳሁት። ኖርዌጂያን ጧፍ አያበራም። ከእናንተ ሰዎች ማን ነው እዚያ የሚገባው?»

ከእናንተ ሰዎች አለችኝ። የልጄ ልጅ ናት፤ ሞርሞር የምትለኝ በኖርዌጂያን አያቴ ለማለት ነው። እዚሁ ኦስሎ ተወልዳ ዩኒቨርሲቲ ስለ እንስሳት ትማራለች። አላውቅም አልኳት። ዋሸሁ።

ዋሻው ከሰፈራችን፣ ከሮምሶስ ፎቆች ጀርባ፣ ሽቅብ ነው። ድሮ ማዕድን ያወጡበት ነበር። አፉ ላይ የብረት ፍርግርግ አለ፤ አንዱ ብረት ወልቋል። ውስጥ ከድንጋዩ ውኃ ይንጠባጠባል። ውኃውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ጠበል ነው ብዬ ለሰው የነገርኩትም እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 7

ጉልበቴ ሌሊቱን ሲወጋኝ አደረ። ከቤት አልወጣሁም።

ማርታ ተመልሳ መጣች። ከመምህሯ ጋር በዓመት አንድ ቀን እየገቡ ዋሻው ውስጥ የሚተኙትን የሌሊት ወፎች ይቆጥራሉ። ፍላገርሙስ ትላቸዋለች። ፎቶ አሳየችኝ። አንዷ ላይ ጤዛ ተሰብስቦባት እንደ ዶቃ ያበራል። ሌላዋ ትልልቅ ጆሮዎቿን ክንፏ ሥር አጥፋ ደብቃለች።

እንዳልረሳው የነገረችኝን ልጻፍ። በሙቀቱ ወራት የቤት ግድግዳና የዛፍ ሽንቁር ውስጥ ይኖራሉ። ብርዱ ሲመጣ ውኃ በረዶ የማይሆንበት ዋሻ ይፈልጋሉ፤ እንዲህ ያለ ቦታ ደግሞ ኦስሎ ዙሪያ ብዙ የለም። የሚበሉት ትንኝና የእሳት እራት ነው፤ በብርድ ያ የለም። ስለዚህ ስብ ይዘው እስከ ሚያዝያ ይተኛሉ። ልባቸው ሊቆም ምንም አይቀረው። ብርሃን፣ ሙቀት፣ የሰው ድምፅ ይቀሰቅሳቸዋል። አንዴ መንቃት የብዙ ቀን ስብ ይጨርሳል። ደጋግማ የነቃች ሚያዝያን አታይም። በዓመት የምትወልደው አንድ ብቻ ነው፤ የሞተው ቶሎ አይተካም።

«አምና አሥራ አንድ ነበሩ» አለች። «ትናንት ዘጠኝ። ሁለቱን መሬት ላይ አገኘናቸው፣ ጧፉ አጠገብ። አንዷ ከደብዳቤ ትቀላለች፣ ሞርሞር።»

ተናደድኩባት። እኔ በረሃ ሳቋርጥ ማን ቆጠረኝ አልኳት።

«እኔ ብኖር እቆጥርሽ ነበር» አለች።

ረቡዕ፣ ጥር 8

ይህን ደብተር ማንም አያነበውም። ስለዚህ ልጻፈው። ጉልበቴ አልዳነም። ውኃውን አፈሰስኩበት፣ ደነዘዘ፣ በቃ።

ኅዳር ላይ ከቅዳሴ ስንወጣ ወይዘሮ አስናቀች «ዛሬ እግርሽ ቀለል ብሎሻል» አለችኝ። ጠበል አግኝቼ ነው አልኳት። ለምን እንዳልኩ አውቀዋለሁ። ስንት ዓመት አብሬያቸው ሳስቀድስ፣ ምን ትያለሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። አልናብሩ ሰፈር የመጋዘን ወለል ሳጸዳ የኖርኩ ሴት ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ያኔ አስናቀች «አሁን ተምረሽ ልትቀድሺ ነው?» ብላ አስቃብኛለች። ከዋሻው በኋላ ግን «እትዬ ዘነቡ፣ መንገዱን አሳዪን» ሆነ። ወንበር ይለቁልኝ ጀመር። እኔ እየመራሁ አራት ቅዳሜ ወጣን፤ ጧፍ እያበራን፣ እየዘመርን።

የዋሻው በር ላይ ጽሑፍ ነበር። ማርታ እንደነገረችኝ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ አትግቡ ይላል። አይቼዋለሁ። የፈረንጁን ፊደል ቀስ ብዬ አነባለሁ፤ ያንን ግን አላነበብኩም። በዕድሜዬ ያጋጠመኝ ጽሑፍ ሁሉ አይቻልም ነው የሚለው። አንዱን ሳላነብ ባልፍ ምን ይመጣል ብዬ።

አገራችንም ከመንደሩ በላይ ዋሻ ነበር። ማታ ማታ የሌሊት ወፍ ሰማዩን ያለብሰው ነበር። ኩሳቸውን ለጓሮ በርበሬ እንወስድ ነበር። አንድ ዓመት ዋሻውን እህል እናስቀምጥበት ተባለና አፉ ላይ እርጥብ እንጨት ተማገደ። እኔም ቅጠል ተሸክሜያለሁ። ሦስት ቀን ጤሰ። ከዚያ ወዲያ አንድም አልተመለሰም። በዓመቱ ማሽላውን ተባይ ጨረሰው። ሽማግሌዎቹ የኃጢአታችን ነው አሉ። የዋሻውን ነገር ያነሳ ሰው አልነበረም።

ሐሙስ፣ ጥር 9

አስናቀች ደወለች። ቅዳሜ ጥምቀት ነው። ከበዓሉ በኋላ ሁሉም ከነልጆቹ ወደ ዋሻው ሊወጣ ነው። ጧፉን ገዝታ ጨርሳለች።

«መሪያችን አንቺ ነሽ። ነጭሽን ልበሺ፣ ፎቶ እንነሳለን።»

እሺ አልኳት። እራት አልበላሁም።

ታመምኩ ልበል? ያለ እኔም መንገዱን ያውቁታል። ማርታ ትንገራቸው? የፈረንጅ ልጅ ይሏታል። የቀረሁት እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ ጥር 10፣ ከተራ

መጀመሪያ አባን አገኘኋቸው። ስለ ጉልበቴ ዋሽቻለሁ አልኳቸው፤ የተኙትንም ነገርኳቸው። መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

«የተኛ ፍጥረት ቀስቅሶ መግደል በረከት አይሆንም» አሉ። «እኔ ግን አልናገርልሽም። አፍሽ ያወጣውን አፍሽ ይመልሰው።»

ሴቶቹ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ለነገ ሽንኩርት ይልጣሉ። ቆሜ ነገርኳቸው። ጉልበቴ እንደነበረ ነው፣ ዋሽቼአችሁ ነው አልኩ።

ቢላዋዎቹ ቆሙ። አስናቀች «የኔ ወገብስ? እኔ እኮ ተሽሎኛል» አለች።

«ያንቺን እግዜር ያውቃል። እኔ የራሴን ነው የምናገረው።»

«ይኼ ሁሉ ለአይጥ ነው?»

«አይጥ አይደለችም።»

«ወፍም አይደለችም» አለች አንዷ፤ ሳቁ።

«ልጇን ጡት የምታጠባ እናት ናት» አልኩ።

አስናቀች ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። «ድሮም በስተርጅና የተማረ...» አለች። መጨረስ አላስፈለጋትም።

ቤት ገብቼ ካርቶን ቆረጥኩ። ሦስቱን አበላሸሁ። አራተኛው ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ይህ ጠበል አይደለም። የዋሸሁት እኔ ዘነበች ነኝ። ውስጥ የተኙ አሉ። እስከ ሚያዝያ አትግቡ።»

ማርታ ወስዳ በሩ ላይ አሰረችው። «ፊደልሽ ያምራል» አለችኝ። አማርኛ ማንበብ አትችልም።

ቅዳሜ፣ ጥር 11፣ ጥምቀት

ነጭ ለብሼ ሄድኩ። ከኋላ ቆምኩ። ወንበር የለቀቀልኝ የለም። አባ ጠበሉን ሲረጩ እኔም ጋ ደረሰ።

አስናቀች አይታ እንዳላየች አለፈችኝ። ሲያበቃ ሰዎቹን ሰብስባ ወጣች፤ ከነልጆቹ። ወዴት ብዬ አልጠየቅሁም። ደግሞ አልለምናቸውም።

እሁድ፣ ጥር 12

ከማርታ ጋር ወደ ጫካው ወጣን። ሦስት ጊዜ አረፍኩ። ሌሊቱን አዲስ በረዶ ስላልጣለ ዱካው ሁሉ ይታያል። ብዙ እግር፤ የልጆችም አለበት።

ካርቶኔ ፊት በረዶው ተረጋግጦ ጠፍጥፏል። ቆመው አንብበዋል። ከዚያ ዱካው ወደ መጣበት ይመለሳል።

አንድ ሰው ብቻ በወለቀው ብረት በኩል ገብቶ ወጥቷል። ትንሽ ጫማ ነው። የማን ወገብ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስሟን አልጽፍም።

ከበሩ ውጭ፣ ድንጋይ ላይ፣ ጧፍ ተቀምጧል። አነሳሁት። ክሩ ነጭ ነው፤ እሳት አልነካውም። እዚህ ትታው፣ ግድግዳውን እየዳበሰች በጨለማ ገብታለች ማለት ነው። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ወገብ።

ማርታን ግቢና ቁጠሪ አልኳት።

«አይሆንም ሞርሞር፣ እኛም እንቀሰቅሳቸዋለን። በሚያዝያ ሲወጡ ነው የምናውቀው። ብረቱ እንዲጠገን ግን ነገ ለመምህሬ እነግራለሁ።»

ጧፉን ኪሴ ከተትኩ። ስንወርድ ጉልበቴ አመመኝ፤ አመመኝ አልኳት፣ ክንዷን ሰጠችኝ። እስከ ሚያዝያ ድረስ የተኙትን ዘጠኝ እላለሁ።