ጅረቱን ማጣመም

የካቲት 3
ኤክስካቫተሩን ግሪስ ቀባሁ፣ ዘይቱን አየሁ፣ መስታወቱን ወለወልኩ። ደህና ቀን። ከሰዓት በኋላ ፎርማኑ መጣና «ማስመሪያ፣ ጡረታ ከመውጣትህ በፊት አንድ የመጨረሻ ሥራ አለህ» አለኝ። ሜዳው ላይ ያለውን ጅረት ማጣመም! ያንን ጅረት እኮ በጎረምሳነቴ ቀጥ ያደረግኩት እኔው ነኝ። ማስመሪያ የሚለው ስም የወጣልኝም ያኔ ነው። አሁን ውሃው ፈጠነ፣ ረግረጉ ደረቀ፣ ዓሣው ጠፋ፤ እንደ ድሮው ይጠማዘዝ ተባለ። ለባለቤቴ ብነግራት በሳቅ ፈረሰች። «አንተ? አንሶላው ዝንፍ ካለ እንቅልፍ የማይወስድህ ሰውዬ?»

የካቲት 6
ሦስት መታጠፊያ ቆፈርኩ። ያምራሉ። ከአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ተቆጣጣሪዋ መጣች... ገና ልጅ ናት፣ የጎማ ቦቲዋ ሊውጣት ምንም አልቀረው። ዳር ቆማ አየች።
«ጋሼ፣ ይሄ ጅረት ነው ወይስ የመኪና መንገድ?»
«ምን ጎደለው?»
«ምንም። እሱ ነው ችግሩ። ሦስቱም አንድ ናቸው።»
አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ፣ የሆነ ቦታ ላይ ደግሞ ዓሣ የሚያርፍበት ጥልቅ... የቁፋሮ ፈቃዱ ላይ የተጻፈው እንደዚያ ነው። መቆፈር የሚቻለውም እስከ የካቲት 25 ብቻ። ከዚያ በኋላ ከታች ወንዙ ውስጥ ያሉት ዓሦች እንቁላል ይጥላሉ። ካለፈ ለከርሞ ነው። ለከርሞ እኔ ቤቴ ነኝ።

የካቲት 10
ዛሬም እኩል እኩል ወጣብኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ልቆፍር እንዴ?

የካቲት 12
ፎርማኑ ቀስ ብሎ «ሌላ ኦፕሬተር ልጥራ?» አለ። «ጥራ» አልኩት። ጥቂት ቆይቼ ደግሞ «እስቲ ሁለት ቀን ታገሰኝ»። ዕድሜ ልኬን ቆፍሬ ቆፍሬ የመጨረሻዋን ለሌላ ሰው...?

የካቲት 13
ተበሳጭቼ ስወጣ ምሳዬን ረሳሁ። ባለቤቴ ይዛልኝ መጣች፤ በአዲሱ ነጭ ጫማዋ! በመንገዱ ዞራ እንደመምጣት ሜዳውን አቋረጠች። ቁጥቋጦ ሲገጥማት ወደ ግራ፣ ድንጋይ ሲገጥማት ወደ ቀኝ፣ ቀሚሷን ሰብስባ... እኔን እየረገመች። መሀል ላይ እግሯ ሰመጠና ቁጭ! ሞተሩን አጥፍቼ ሮጥኩ።
«ተጎዳሽ?»
«ጫማዬ! አንተ ሰውዬ፣ ጫማዬ!»
ምሳው ግን አልፈሰሰም። በአንድ እጇ ሽቅብ ይዛዋለች።
ተቆጣጣሪዋ አብራኝ አነሳቻት። ከዚያ ዞር ብላ ዱካውን ታይ ጀመር።
«ጋሼ... ውሃም እኮ እንዲህ ነው የሚሄደው። ጠንካራውን እየዞረ፣ ለስላሳው ላይ እየሰመጠ።»
ባለቤቴ ጭቃዋን እያራገፈች «እኔን ነው ውሃ ያልሽው?»
ዱካዋን ተከትለን ችካል ተከልን።

የካቲት 19
ችካል በችካል እየቆፈርኩ ነው። አንዱ መታጠፊያ ሌላውን አይመስልም። እጄን ይበላዋል፣ ላስተካክል ይላል... «ተው» እለዋለሁ። የወደቀችበት ጋ ስደርስ ጠለቅ አደረግኩት።

የካቲት 24
ተቆጣጣሪዋ ለካች፣ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግማ ለካች። «አልፏል ጋሼ!» ፎርማኑ ኮፍያውን ወደ ላይ ወረወረ። ጭቃ ውስጥ ገባ። ማንም አላነሳለትም፤ ሁላችንም ስንስቅ።

መጋቢት 28
ጡረታ ከወጣሁ ሳምንቴ። ከባለቤቴ ጋር ሜዳው ድረስ ሄድን፣ እሷ በአሮጌ ጫማ። ውሃው ይዞራል፣ ይመለሳል፣ አይቸኩልም። ዳር ዳሩ ረጥቧል፤ ሣር ብቅ ብሏል። ጥልቁ ጋ ቆመን ቁልቁል አየን... ሁለት፣ አይ፣ አራት ትንንሽ ዓሦች፣ ጥላው ሥር።
«ተቆጣጣሪዋ ካርታው ላይ ምን ብላ እንደጻፈችው ታውቂያለሽ? የእትዬ ማረፊያ።»
«ምን ያረፍኩበት! የወደቅኩበት ነው እንጂ!»
አጎንብሳ ስታያቸው ግን ቆየች።
ልንመለስ ስንል እኔ ወደ መንገዱ ዞርኩ። «በዚህ ነው ቀጥታው» አልኳት። አልሰማችኝም፤ ቁጥቋጦውን በግራ፣ ድንጋዩን በቀኝ እየዞረች ሜዳውን ተያያዘችው።
ተከተልኳት።