ኩሽኔታ በጆሯቸው የሚመረምሩት የአቶ ካሱ አልታዬ የሕይወት ታሪክ

አቶ ካሱ አልታዬ ከአባታቸው ከአቶ አልታዬ ሻንካ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አገኘሽ ዶሌ ኅዳር 12 ቀን 1951 ዓ.ም. በጫኖ ተወለዱ። ጫኖ ከሙዝና ከማንጎ ሌላ ለአገር ያበረከተችው ትልቅ ነገር ቢኖር እሳቸው ናቸው፤ የሚከራከር ካለ ከቀብር በኋላ ይምጣ።

በአርባ ምንጭ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ዘጠነኛን ያላዩት ችሎታ አንሷቸው ሳይሆን፣ በ1968 ዓ.ም. የመንግሥት እርሻ ጋራዥ ቀድሞ ስለወሰዳቸው ነው። በ1976 ዓ.ም. ከወይዘሮ ኑኃሚን ተስፋጽዮን ጋር ትዳር መሠረቱ። የሙሽራዋ መኪና ጎማ ሲያጉረመርም ሰምተው፣ ከነሙሉ ሱፋቸው ወርደው ጎማ የፈቱ ሙሽራ በጋሞ ምድር ከእሳቸው በፊት አልታየም፤ ወደፊትም አይታይም።

በ1985 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ታችኛው ሰፈር በሲቀላ የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ቁልቁል የሚወርድ መኪና ገና ሳይታይ የትኛው ጎማ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ እንደጨረሰ ይናገሩ ነበር። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ከጮኸ ግራው ነው፤ ከዚያ በክሪክ አንሥተው ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቀንቁና ይፈርዳሉ። በእጃቸው የተቀየረው ኩሽኔታ፣ ቀንሰን ብንናገር፣ ሰማንያ ሺህ ይሆናል። «ለአሮጌ መኪና ርካሽ ዕቃ ይበቃዋል» ለሚል ደንበኛ፣ «አሮጌውማ ነው ጥሩ ዕቃ የሚያስፈልገው፤ ወጣትማ ሁሉን ይችላል!» ይሉት ነበር።

በ2005 ዓ.ም. የመስቀል ዋዜማ፣ ሾፌሩ ማርቆስ ለበዓል ወደ ጨንቻ ሰው ሊያወጣ አሮጌ ሚኒባሱን አመጣላቸው። ሥራው ተደራርቦባቸው ነበርና አቶ ካሱ በዕድሜያቸው አንዴ ብቻ ካርቶኑን አምነው፣ በቀለበቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ሳያዩ ኩሽኔታውን ገጠሙ። በማግስቱ የማርቆስ ኩሽኔታ ከተገዛበት ሱቅ የመጣውን ሌላ ኩሽኔታ በቤንዚን ሲጠርጉት ቁጥሩ እንደ ቀለም ለቀቀ፤ ለካ ዕቃው ፎርጅድ ነው። ማርቆስ ግን ተሳፋሪ ሞልቶ ሄዷል። የጨንቻ ዳገት ደግሞ የላላ ጎማ አይምርም።

በባጃጅ ተከትለው ጫኖ ላይ ደረሱበት፤ ባጃጁ እንደዚያ ቀን በርሮ አያውቅም። መኪናውን አስቁመው «ውረዱ!» አሉ። «ጋሽ ካሱ፣ ሕዝቡ በዓል ሊያመልጠው ነው እኮ!» አለ ማርቆስ። «በዓሉ ይጠብቃል፤ ዳገቱ አይጠብቅም። ጥፋቱ የኔ ነው» አሉት። ጎማው ሲፈታ ማለስለሻ ግሪሱ ቀልጦ ብረቱ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። አንዲት እናት «አንተን ብሎ መካኒክ!» ብለው አዋረዷቸው። አቶ ካሱ ከመንገዱ ዳር እርጥብ ሣር ነጭተው፣ እንደ ጋሞ አባቶች ሣሩን ይዘው ተንበረከኩ። ሣር ተይዞ እምቢ አይባልምና ተሳፋሪዎቹ ታረቋቸው። ተሳፋሪውን በሌላ መኪና አሳፍረው ላኩ፤ እሳቸው ግን ኦርጅናሉ ከሶዶ እስኪመጣ ከማርቆስ ጋር መስቀልን መንገድ ዳር ዋሉ።

ያን ኩሽኔታ ጋራዣቸው በር ላይ ሰቅለው ለመጣው ሁሉ «ይቺን የገጠመው ካሱ ነው» ይሉ ነበር። ደንበኛው ይሸሻል ብለን ፈራን፤ በተቃራኒው ወረፋው እስከ መናኸሪያ ደረሰ።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተዋል። ይህ ጽሑፍ ሲሰናዳ እኛ ቤተሰቡ፣ ስማቸውን እንዳይነካ ብለን፣ የጫኖውን ነገር ሳንጽፍ ትተነው ነበር። በአልጋቸው ሆነው አስነበቡንና «እሱን ሳታነቡ እንዳትቀብሩኝ!» አሉን። አነበብን።

ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ አምስት ልጆቻቸውንና አሥራ አንድ የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ከዚያ ሚኒባስ ወርደው ዛሬ በሕይወት ያሉት ዘጠኙም ተሳፋሪዎች ከጨንቻ መጥተው፣ እርጥብ ሣር ይዘው እዚህ ቆመዋል።

የእውነተኞች አምላክ ነፍሳቸውን በዕረፍት ቦታ ያኑርልን፤ ለእኛም ጥፋታችንን የምንናገርበት አንደበት ይስጠን። አሜን።