ጮክ ብዬ ያነበብሁት ቃለ ጉባኤ

ልጄ ያምሮት፣ በሄድሽበት ሁሉ የማርያም ጥላ ይከተልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ላሚቱ ወልዳለች፣ በቆሎውም አምሯል።

በማንኩሳ ገበያ የሚወራው ተጣሞ ሳይደርስሽ እኔው ልንገርሽ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ስለ እርከን ሥራ ሰብስቦን ዋለና በመጨረሻ "እማማ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ አውራ ጣትዎን ያሳርፉ" አለኝ። ማንበብ እንደምችል አላወቀም። ወረቀቱ "ሕዝቡ የግጦሽ መስኩን ለባለሀብት በፈቃዱ ለቋል" ይላል። ጮክ ብዬ አነበብሁት። ሰዉ ሲንጫጫ ሊቀመንበሩ ሚሊሻውን "ያዛት!" አለው። ያን ጊዜ ጎረቤታችን ቸኮለ ከፊቴ ቆሞ "አሮጊት ከምታስሩ እኔን ውሰዱኝ" አለ፤ ወሰዱት።

በማግስቱ ከሚስቱ ከመታሰቢያ ጋር ሆነን የመንደሩን ሴቶች ይዘን የቀበሌው ቢሮ ደጃፍ ተቀመጥን። ሊቀመንበሩ ወጥቶ "ወደ ቤታችሁ ሂዱ" ቢለን "ያነበብሁት እኔ ነኝ፤ ወይ እኔን እሰር፣ ወይ እሱን ፍታ" አልሁት። ሦስት ቀን ስንመላለስ በየቀኑ ቁጥራችን ጨመረ። በአራተኛው ቀን ነገሩን የሰሙ የወረዳ ሰዎች መጥተው ወረቀቱን በፊታችን ቀደዱት፤ ቸኮለም ተፈታ። ሊቀመንበሩ ዛሬም ወንበሩ ላይ ነው፤ አሁን ግን ከማስፈረሙ በፊት ለሁላችን ያነባል።

ለእኔ አትስጊ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ለቸኮለ ደውለሽ "እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ" በይው። እኔ ላመሰግነው ስጀምር እንባ እየቀደመኝ አልቻልሁም።

አንቺንም በሰው አገር ከፊትሽ የሚቆምልሽ ሰው አያሳጣሽ።

እናትሽ ጌጥነሽ