አልቆም ያለችው ሰዓት

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ዛሬም ሰዓት ሠሪው ሱቅ። ለሁለት ሰው በተሠራች አግዳሚ ላይ ሦስት ሽማግሌ፤ እኔ፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር፣ ጥርስ ሐኪሙ። ጥርስ ሐኪሙን እኔ "ነቃዩ" ነው የምለው። ሰዓት ሠሪው አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ የሚሰማን አይመስልም። ይሰማል።

እንደ ቅዳሜ ልማዳችን ተለዋወጥን። የራስህን ሰዓት ለጓደኛህ ታስርለታለህ፣ የሱን አስረህ ትሄዳለህ፣ በሳምንቱ መጥተህ እንከኑን ትዘረግፋለህ። በእጅ የሚሞላው የኔ ሰዓት ነቃዩ ጋ ሄደ። የሱ አውቶማቲክ እኔ ጋ መጣች። እሷን መሙላት አያሻም፤ ክንድ ሲንቀሳቀስ ሆዷ ውስጥ ያለች ቁራጭ ብረት እየዞረች ትሞላታለች። ነቃዩ እጅ ላይ ግን ሁሌ ትቆማለች። ሹፌሩም እጅ ላይ ቆማለች።

"እጃችሁ ሰነፍ ስለሆነ ነው" አልኳቸው።

"የኔ ባትሪ ነው፤ እንደናንተ ጠዋት ጠዋት ጡጦ አይፈልግም" አለ ሹፌሩ። የሱን የሚለዋወጠው የለም።

የልቤን አልነገርኳቸውም። ሰዓቴን መሙላት ትግል ሆኗል። ግራ እጄ ሲይዘው ሰዓቱ ይደንሳል፤ የቀኜ ጣቶች ማዞሪያውን ይስታሉ... ግራ እጅ ኪስ ውስጥ ይዋል። ልጄ ካየች አለቀልኝ። "አባዬ፣ አንድ ነገር ካየሁብህ በዚያው ቀን ዕቃህን ጭኜ ነው የምወስድህ" ብላለች። የኋላ ክፍሏን እንኳ አዘጋጅታለች። የምታደርግ ናት። የኔው ልጅ አይደለች?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ልጄና ቁንጫ መጡ። ቁንጫ የልጅ ልጄ ናት፤ አታርፍም። ዘላ ጭኔ ላይ ወጣች።

"አባባ፣ እጅህ ለምን ይስቃል?"

"አንቺ ስለምታስቂው።"

ልጄ ከወጥ ቤት፣ "ማነው የሚስቀው?"

"እኔ ነኝ።" እጄ ወደ ኪስ። ኪሴም ሳይሰለቸው አልቀረም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ቀናኝ። የነቃዩ ሰዓት ሳምንቱን ሙሉ አንዴም አልቆመችም። አፍንጫቸው ሥር አምጥቼ አሳየኋቸው። ነቃዩ ቅር አለው፤ ስንት ዓመት እጁ ላይ እንደ ሬሳ የተጋደመች ሰዓት።

"ምን ብታደርጋት ነው?"

"እራመዳለሁ። እንዳንተ ጋዜጣ ላይ አልተከልም።"

"የምትራመደው እኮ እስከ ዳቦ ቤት ነው፣ አንተ ሽማግሌ" አለ ሹፌሩ።

ሌላ ሳምንት ትቆይልኝ አልኩ። ነቃዩም የኔን ወዶታል። ጠዋት ስሞላው ደስ ይለኛል አለ። ...ቀናሁበት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ጉንፋን ጣለኝ። ከእሑድ ጀምሮ አልጋ ነኝ። ሹፌሩ ትናንት ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ፤ ልጦ ልጦ ራሱ በላው።

ዛሬ ጣሪያውን እያየሁ ጋደም ብዬ ሰማኋት። ቲክ ቲክ... መቆም ነበረባት እኮ። ክንዱን ያላነሳ ሰው እጅ ላይ ማን ሞላት? ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። እሷን ያሰርኩበት ግራ እጄ ነው፤ ይደንሳል። ጌታው ተኝቶ ሎሌው ይሠራል።

ለካ በዚህ ነው ስጎርር የከረምኩት። ምነው አፌን በቆረጠው። ቅዳሜ ሹፌሩ ይጠይቀኛል፤ አልጋ ላይ ሆነህ እንዴት ሳትቆም? ሹፌሩ ካወቀ ደግሞ ልጄ አወቀች። ስልኳን ይዟል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

መላ ተገኘ። የጎኗን ማዞሪያ ሳብ ካደረጉት ቆጣሪዎቿ ይቆማሉ። ሳብኩት። ቆመች። አሁን እንደ ማንኛውም ሰነፍ ሰው ሰዓት ሆነች። ዝምታዋ ግን ቤቱን አስጠላኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ተያዝኩ።

"ቆመችብህ" አለ ነቃዩ። ፊቱ በራ።

"ጉንፋን ነው፤ ምን ላድርግ" አልኩ አዝኜ። ጥሩ አድርጌ ነበር ያዘንኩት።

ሰዓት ሠሪው እጁን ዘረጋ። "እስቲ።" ማዞሪያዋን ገፋ ሲያደርጋት ሄደች። ጀርባዋን ከፈተ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቆየ።

"ይቺ በረሃብ አልሞተችም" አለ። "ሆዷ ጢም ብሏል። አንቀዋት ነው።"

ሁሉም እኔን አዩ። ከዚያ ኪሴን። ኪሴ ይንቀሳቀሳል።

"አይጥ ይዤ ነው" አልኩ። የሳቀ የለም። አውጥቼ ጭኔ ላይ አኖርኩት። ደነሰላቸው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለ ነቃዩ፣ በዚያ በሥራ ድምፁ። ሹፌሩ ተነስቶ ውሃ ገዛልኝ። አግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ስንት ዓመት ስንጋፋበት... የባሰኝ እሱ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

የደወለ የለም። የሚሰድበኝ ከጠፋማ ምን ቀረኝ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ሹፌሩ ደወለ። "ስማ፣ አስቤበት ነው። የወንድሜም ሰዓት አውቶማቲክ ናት፣ ትቆምበታለች። በሳምንት አንዴ ላምጣትና ትሞላልኛለህ?"

"እጄ በነፃ አይሠራም።"

ዓይኔ እንባ እስኪያወጣ ሳቅሁ። ሳቁ ሲያልቅ፣ "ለልጅህ አንተ ነህ የምትነግራት ወይስ እኔ?" ብሎ ዘጋው። ባለጌ።

ልጄ ጋ ደወልኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ሐኪም ቤት። ዶክተሯ ወጣት ናት። ጣቶቼን አስከፈተች፣ አስጨበጠች፣ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ አስኬደችኝ። የበሽታውን ስም ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ ቤቴ አልጋበዝኩትም። አይድንም። በመድኃኒት ግን ጋብ ሊል ይችላል፤ ለሁሉም ሰው እኩል አይሠራም አለች።

ልጄ መኪና ውስጥ አላለቀሰችም። እሱ ነው የሚያስፈራው።

"መድኃኒቱን እንየው" አለች። "ካልሠራ ትመጣለህ። ኪስህን ግን ዛሬውኑ ነው የምሰፋው።"

ሰፋችው። የሁሉንም ሱሪ የግራ ኪስ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ክኒኑ ያቅለሸልሻል። እጄ ያው ነው። ሰዓቷም ያው ትሄዳለች፤ ነቃዩ "አንተው ጋ ትቆይ" ብሏል። ስነሳ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው። ዕድሜ ልኬን ሰዓት እንዳይቆምብኝ ስሠጋ ኖሬ አሁን... ቁሚ እንጂ፣ አንቺ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ቆመች።

ማዞሪያዋን አየሁ፣ አልተሳበም። ነቅነቅ አደረግኳት፤ ትንሽ ሄዳ ቆመች። የእውነት ረሃብ ነው። እጄን አየሁት። ትራሱ ላይ ተኝቷል። አልፎ አልፎ ብንን ይላል... ግን ተኝቷል።

ነቃዩ ጋ ደወልኩ። "ሰዓትህ ሞታለች።"

"እግዜር ይመስገን" አለ። ድምፁ ልክ አልነበረም።

"የኔን መልስልኝ።"

"ለቅዳሜ አይደርስም?"

"አሁን።"

በታክሲ ይዞልኝ መጣ። ሰዓቴን በግራዬ ያዝኩት። በቀኜ ማዞሪያውን... አንዴ ሳትኩት። ደግሜ ያዝኩት። ዞረ። ነቃዩ መስኮት መስኮቱን ሲያይ ጨረስኩ።

እስከ መቼ ነው? ዶክተሯን አልጠየቅኳትም። ልጄ ደውላ "የኋላው ክፍል ለማንኛውም ተጠርጓል" አለችኝ። "አከራዪው" አልኳት።

ነቃዩ ሊሄድ ሲነሳ የራሱን ሰዓት እጁ ላይ አሰርኩለት። ማሰሪያዋን ሳልስት፣ በአንዴ ቀዳዳው ውስጥ አስገባኋት።

"እንካ፣ ለሰነፍ ጌታዋ።"

"አሁንማ ሁለት ሰነፎች ሆንን" አለኝ።